በጌጫ ገበያ የሰቀልኩት ፊት

በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የሠራሁትን ስህተት ሰነፍ ተማሪ እንኳ አይሠራውም። እኔ ግን ያኔ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ለእንዲህ ያለ ስህተት ልምድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ለፀጉር ቤት ራስ፣ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለጋራዥ ጎማ። «የተካ በሬ ከተካ ሰዎች ይልቅ ሰው ይመስላል» ይሉኛል። ሐሜት ነው እንዳልል እውነት ነው።

አንድ ቀን ሲስተር ሄለን የምትባል ነርስ ሱቄ መጣች። የእግር እብጠት አንዱን ቤተሰብ ይዞ ጎረቤቱን ለምን እንደሚተው በዘረ መል የሚያጠና ቡድን አስተባባሪ ናት።

«ጋሽ ተካ፣ ሕዝቡ ለዘረ መል ምርመራ ምራቁን ለምን እንደምንወስድ አልገባውም። ወረቀት ስናነብለት ያዛጋል። መጀመሪያ ሥዕል፣ ቀጥሎ ፊልም እንሥራ ብለናል» አለች።

«እኔም ብሆን ምራቄን ለመስጠት እፈራለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች አብረው ቢሄዱስ?» አልኳት። ሳቀችና ቀጠረችኝ።

ጌጫ ወደምትባል ከተማ ወሰዱኝ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር። በሦስት ሜትር ሸራ ላይ አንዲት እናት፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅ። እናትና ወንዱ እግራቸው ያበጠ፤ ጫማ ያደረገችው ልጅ ደኅና። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ ሕመሙን የሚያመጣው ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ነው። ይኸው ነበር መልእክቱ።

ሰሌዳ ጸሐፊ ፊት አይፈጥርም፤ በቅርብ ያየውን ይወስዳል። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ቁርሴን የበላሁት እዚያው ጌጫ፣ እትዬ ፋንታዬ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ነበር። ሰፊ ፊቷን፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ለእናቲቱ ሰጠኋት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚመስል ሰው ስለሣልኩ ኮራሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸራውን ገበያው መሃል ሰቀልነው።

«እንዴ! ፋንታዬ እኮ ናት!» አለ አንዱ።

«ጠባሳዋን እዩት!»

ሳቁ ደራ። ከዚያ አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ «ለካ በበጋም ቦቲ ጫማዋን የማታወልቀው ለዚህ ነው» አለች። ሳቁ ቆመ።

የማውቀው አልነበረም። ሴትዮዋ ያበጠ እግሯን ስትደብቅ ኖራለች፤ እኔም ሳላውቅ ገልጬባታለሁ። ይባስ ብሎ ልጇ ምሕረት ታጭታለች፤ ሽማግሌ የሚመጣው በመጪው እሑድ ነው። እብጠት አለበት የተባለ ቤት ልጁን ለመዳር ይቸገራል። የእጮኛዋ አባት አቶ ወልዴ ሸራው ፊት ቆሞ ነበር። አየ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ሄደ።

እሑድ ሽማግሌ አልመጣም።

ሰኞ በጓዳ በር ገብቼ እትዬ ፋንታዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አላወቅኩም ነበር፣ እትዬ።»

«አላወቅኩም? ሃያ ዓመት የደበቅኩትን በአንድ ቁርስ አወጣኸው!»

«ቁርሱ ጥሩ ስለነበር ፊትሽ ከዓይኔ አልጠፋም» አልኩ። ይህን የሚል አፍ እንኳን ጥርሱ፣ ምላሱም ቢሄድ አይቆጭም። ጭልፋ አነሣችብኝ። «ውጣ፣ አንተ ሽበታም!»

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሄለንንና እኔን አስጠራችን።

«ፊቴን ገበያ አውጥታችሁታል፤ እግሬ ብቻውን ምን ይደበቃል? ፊልማችሁን አንሡ። ግን የምሕረትም እግር ይታይ። እኔ ያላገኘሁትን ጫማ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደረግሁላት እኔ ነኝ» አለች።

ሲስተር ሄለን የፈቃድ ቅጹን ቃል በቃል አነበበችላት። «ሐሳብሽን ከቀየርሽ መሃል ላይ ማቆም ትችያለሽ» ስትል እትዬ ፋንታዬ ወደኔ ዞራ፣ «ሰማህ? እንዲህ ነው የሚጠየቀው» አለች።

በቀረጻው ቀን የኔ ሥራ ብርሃን እንዲያንጸባርቅ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ መያዝ ነበር። ቦቲዋን ለማውለቅ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እግሯን በሳሙና አጠበች፣ በጣቶቿ መሃል አደረቀች፣ ቅባት ቀባች። አጠገቧ ምሕረት ካልሲዋን አውልቃ ተቀመጠች። እኔም አንሶላውን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

ፊልሙን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ መስኮቱን በቡና ጆንያ ጋርደን አሳየን። ሲያልቅ አቶ ወልዴ ከኋላ ተነሣ።

«ሲስተር፣ ልጅቷ ይህን ነገር በደሟ ይዛለች ወይስ አልያዘችም?»

«ተጋላጭነቱን ወርሳ ይሆናል። እርስዎም ሊኖርብዎ ይችላል፣ አቶ ወልዴ፤ ገና አናውቅም። የምናውቀው ጫማና ሳሙና እንደሚከላከሉት ነው።»

«እኔም?» አለ። ሰው ሁሉ እግሩን አየ፤ እሱም አየ። በጎማ ነጠላ ጫማው ውስጥ ጣቶቹ ቀይ ጭቃ ለብሰዋል።

«እንግዲያ ምራቄን ውሰዱ» አለና ተቀመጠ። ከሁለት እሑድ በኋላ ሽማግሌ ላከ።

ከዚያ ወዲህ ከሸኮ እስከ ማጂ ሸራ ተሸክሜ ዞሬያለሁ፤ ፊልምም ሠርተናል። ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነው፦ ለምራቅ ፈቃድ እንደምታስፈርሙ ሁሉ ለፊትም አስፈርሙ።

ምሕረት ስትዳር ተጠርቼ ነበር። እትዬ ፋንታዬ ሳህኔን ሞልታ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሽ ተካ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ያዋረድከኝ በገበያ ነው፤ ይቅርታ የጠየቅከኝ በጓዳ።»

«ቅዳሜ ገበያ መጥቼ እናገራለሁ» አልኳት።

ብዙ ቅዳሜ አልፏል። ሁለት ጊዜ ገበያው መሃል ድረስ ደርሼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ተመልሻለሁ።