ሻሽ ላይ የምትቆነጠጠዋ ማጫወቻ

መቼ እንደነበረ በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ከኮሮናው ወዲህ መሆኑን አውቃለሁ። ደግሞ የቡና ለቀማው አልቆ መንገዱ አቧራ የያዘበት ወቅት ነበር፤ የሚስቴ ቀኝ እግር እየተጎተተ አቧራው ላይ ረጅም መስመር ሲያሰምር እስከ ዛሬ ይታየኛል። ዓመቱን ልጆቼ በስልክ ሲከራከሩበት እሰማለሁ፤ እኔ አልገባበትም።

የወደቀችው ለፈጅር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ነው። ማንቆርቆሪያው ሲንኳኳ ሰምቼ ከመኝታዬ ሆኜ "ምን ሰበርሽ?" አልኩ። ስወጣ በጎኗ ተጋድማለች፤ አፏ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጇንና ቀኝ እግሯን ያዘው፣ ምላሷንም አሰረው። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሷ ተረፈች። ግን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ከባጃጅ አውርደን ያስገባናት እንደ ጆንያ ተሸክመን ነው። እኔ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና እየገዛሁ ለነጋዴ ሳስረክብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆንያ አያስፈራኝም ነበር። ያን ቀን ግን ከደጃፍ እስከ አልጋው ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ።

ሐኪም ቤት ውስጥ የታማሚን እግርና እጅ እያንቀሳቀሰች የምታሠራ አንዲት ባለሙያ ነበረች፤ ከሌላ አገር መጥታ ጅማ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ሴት። እንዲህ አለችኝ፦

"አባባ፣ አልደብቅዎትም። እግሯ አሁን ካልሠራ ጉልበቷ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። በየቀኑ በግቢው ውስጥ ማስኬድ አለብዎት።"

"እሺ አልኩሽ፣ አስኬዳታለሁ።"

"ዜማ እየሰማች ብትሄድ ደግሞ ይረዳታል። እግር ምት ሲያገኝ ይታዘዛል። በግራ እጇ ምርኩዝ ትይዛለች፣ ቀኟ አይሠራም፣ ስለዚህ ስልክ መያዝ አትችልም። ልብስ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማጫወቻ አለች፤ ሯጮችና ስፖርተኞች የሚጠቀሙባት። እሷን ይፈልጉላት።"

ቀላል ነገር መሰለኝ። ገበያው አጠገብ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ገባሁ።

"ፋዘር፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ ሻጩ።

"ልብስ ላይ የምትቆነጠጥ ሙዚቃ ማጫወቻ። ለሩጫ የምትሆን።"

ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የቆመ አንድ ጎረምሳ ጓደኛው ሳቁን ለቀቀው። "ሼባው ማራቶን ሊወርድ ነው! ጂም ጀመሩ እንዴ ፋዘር?"

"ኤዬ፣ ጀምሬያለሁ" አልኩት። "ቦርጬ አይታይህም እንዴ፣ እሱን ላጠፋ ነው።"

እነሱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለሚስቴ እንደሆነና ምን እንዳገኛት ስነግራቸው ጎረምሳው ኮፍያውን አውልቆ "አብሽር አባቴ፣ አላህ ያሽራታል" አለኝ።

ሻጩ አንድ እፍኝ የምትሞላ ዕቃ ዘረገፈልኝ። አንዷ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ አንዷ ከዚያም ታንሳለች። እያገላበጥኩ አየኋቸው። ቡና ቢሆን በጥርሴ ነክሼ መድረቁን እለያለሁ፣ አሽትቼ የቆየውን ካዲሱ እለያለሁ። ይሄ ግን በፕላስቲክ ታሽጓል፤ አይነከስ፣ አይሸተት። የቱ ጥሩ እንደሆነ በምን ልወቅ? ሻጩ አንዷን ከፍ አድርጎ "ይቺ ጆሮ ውስጥ ነው የምትገባው፤ ገመድ የለ፣ ምን የለ። አሁን ሰው የሚይዘው ይቺን ነው" አለኝ። ሰው የሚይዘውን ያዝኩና ሄድኩ።

ቤት ደርሼ ሚስቴን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳትና ጆሮዋ ውስጥ ከትቼ አበራሁት። ድንገት አንዲት የፈረንጅ ሴት በቋንቋዋ ጮክ ብላ ተናገረች፤ እኔ ድረስ ይሰማል። ሚስቴ ከወደቀች ጀምሮ "ውሃ" እና "እንቢ" ከማለት ሌላ ብዙም አይወጣትም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፦

"ማ... ማናት?" አለች።

"እኔ እንጃ። ከሱቁ አብራ ተሸጠች" አልኳት።

ግማሽ ፊቷ ሳቀ። ግማሹ አልሳቀም። እኔ ዞር ብዬ መስኮቱን የምዘጋ መሰልኩ።

ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ አልዘፈነችም። ያለ ትልቅ ስልክ አትሠራም ኖሯል፤ የኔ ስልክ ባትሪ የሚያበራ የቁልፍ ስልክ ነው። ስነካካው ከጆሮዋ ሾልኮ ሻሿ ውስጥ ገባ፣ ከሻሿ ወደቀ፣ ተንከባሎ አልጋ ሥር ሄደ። ተንበርክኬ በምርኩዟ ስፈልገው እሷ ከላይ ሆና ታየኛለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን "ማል ጎና፣ ምን እናድርግ" የምትል ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ያን ቀን እኔ አልኩት።

በማግስቱ መለስኩት፤ ሻጩም ሌላ ይምረጡ አለኝ። በዚህኛው ዙር ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ በግራዬ ብቻ አንድ በአንድ መሞከር ያዝኩ። ዓይኔንም ጨፍኜ ቁልፉን በጣቴ እፈልጋለሁ።

"ምን እያደረጉ ነው ፋዘር?"

"ሚስቴን ሆኜ እያየሁ ነው።"

አልሳቀብኝም። የሚያበራ መስኮት ያላትን ተውኩ፤ ፊደሏ ለኔም አይታይም። ቁልፎቿ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉትንም ተውኩ። መቆንጠጫዋ ላላ ያለችው ከጋቢዬ ላይ ወደቀች። በመጨረሻ ምንም መስኮት የሌላት፣ መሀሏ ላይ አንድ ክብ ቁልፍ ያላት፣ ጀርባዋ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ጆሮ ላይ የሚገባው ባለ ገመድ የሆነ አገኘሁ። ገመዱን ሻጩ አልወደደውም። እኔ ግን ቢወድቅ ስበው አገኘዋለሁ ብዬ ነው።

"ምን ልጫንልዎት?" አለኝ።

"ቁርኣን ጫንልኝ" አልኩት ሳላስብ። ለታመመ ሰው ሌላ ምን ይጫናል? እሱም ሳያስብ ጫነልኝ።

ሻሿ ላይ ቆነጠጥኩላት፣ ምርኩዟን በግራዋ አስያዝኳት፣ አስነሳኋት። ቁልፉን ጫንኩ። ፊቷ በራ። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ደግሞ አንድ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ቀስ ብላ ወደ በረንዳው መደብ ዞረችና ተቀመጠች። የማይሠራውን ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ደክሟት ነው አልኩ። አሳረፍኳትና እንደገና አስነሳኋት። ያው ሆነ። በማግስቱም ያው። ማጫወቻዋ ሳትኖር ትንሽ ትንሽ ትራመድ የነበረችው ሴት፣ ማጫወቻዋ ስትበራ ጭራሽ ትቀመጣለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፦

"ዴሚ እንጂ! ሂጂ! እግርሽ ይደርቃል አሉኝ እኮ።"

ራሷን ትነቀንቃለች። የሆነ ነገር ልትለኝ ትፈልጋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይመጣም። እኔ ደግሞ አይገባኝም። አንድ ቀን ክንዷን ይዤ ልጎትታት ስል በግራ እጇ ደረቴን ገፋችኝ። ተስፋ ቆርጣለች ብዬ አሰብኩ። ሰው መኖር ሲሰለቸው እንዲህ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። ኩሽና ገብቼ የማይረባ ነገር ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆየሁ።

ባለሙያዋ ዘንድ ቀጠሯችን ሲደርስ ጉልበቷን አጥፋ ዘርግታ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"አባባ፣ ጉልበቷ እየደረቀ ነው። አያስኬዷትም እንዴ?"

"አትሄድልኝም ልጄ።"

"ማጫወቻዋን አላገኙም?"

"አግኝቻለሁ። እሷን ስከፍትላት ነው የምትቀመጠው።"

እሷም ግራ ገባት። "ምናልባት ድምፁን ይቀንሱት" አለችኝ። ቀነስኩት። ተቀመጠች።

ያኔ ነው የሚስቴ ታናሽ እህት ከሰኮሩ የመጣችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መንገድ ዳር ለመንገደኛ ሙዝና ብርቱካን እየሸጠች ትኖራለች፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሚኒባስ የምታስቆም ሴት ናት። ንግዷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ አንድ ፌስታል ሙዝ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፦

"ምነው ጋሼ፣ እህቴን አስቀምጠው ሊያጠወልጓት ነው እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት? ነይና አስነሺያት እስቲ።"

አስነሳቻት። እኔም ይኸው ተመልከቺ ብዬ ማጫወቻዋን ከፈትኩ። ሚስቴ ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደ መደቡ ዞረች፣ ተቀመጠች። እህቷ ጠጋ አለች። ከሚስቴ ጆሮ አንዱን ማዳመጫ ነቅላ የራሷ ጆሮ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ሻሿን ወደ ግንባሯ አወረደች፣ እጇን ሰበሰበች፣ እሷም መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ሁለት የተቀመጡ እህትማማቾች ፊት ቆምኩ። ኢማሙ ሲቀራ እኔም እሮጣለሁ እንዴ? ቁርኣን ሲቀራ ቤታችን ውስጥ ሥራ ይቆማል፣ ወሬ ይቆማል፣ ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ጆሮዋ ውስጥ ስለነበረ አልሰማሁትም፤ ስላልሰማሁትም ረሳሁት። እሷ ግን አንድም ቀን አልረሳችም። በክንዷ የጎተትኳት አደብ ይዛ ስለተቀመጠች ነው።

እህቷ ንባቡ አንድ ቦታ እስኪያርፍ ጠበቀችና አጠፋችው።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይህን እየሰማች ገበያ እንደምትሄድ ሰው ትራመድልዎ?"

ሚስቴ ግራ እጇን አንስታ ወደ እህቷ ጠቆመች። "ኤዬ!" አለች። አዎ ማለቷ ነው፤ ጥርት ብሎ ወጣላት። "ኤዬ! ኤዬ!" ስንት ቀን ይህችን ቃል ስትፈልግ ከርማለች መሰለኝ።

አፈርኩ። መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ "አፉ በይኝ" አልኳት። ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔና እህቷ ባጃጅ ይዘን ሱቁ ሄድን። ሻጩ ለሩጫ የሚሆን ሙዚቃ ብሎ አንድ ነገር ከፈተልን፤ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

"አጥፋው!" አለች እህቷ። "አንዴ ስትሮክ ተመትታለች፣ አንተ ልትደግማት ነው?"

"እናቴ፣ ለስፖርት እኮ ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው።"

"እኛ ስፖርት አናውቅም። ሴቶች ሙሽራ አጅበው ሲሄዱ የሚሉት አለህ? በኦሮምኛ፣ የኛው አገር ሰርግ። ተቀምጦ የሚጨፈረውን አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚባለውን።"

ሻጩ ፈለገ፣ አጣ። ኮፍያ ያለው ጎረምሳ ስልኩን አወጣና "የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ የቀዳሁት አለኝ፣ ግን መኪና ጥሩምባ ይሰማበታል" አለ። እህቷ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። እግሯ ባንኮኒው ሥር መርገጥ ጀመረ። "ይሄን ጫንልን፣ ጥሩምባውም ይግባ" አለች። ቁርኣኑን አላስጠፋሁትም። ለየብቻ ይሁን፣ ለማታ፣ ለመቀመጫ ጊዜ አልኩት።

ስንመለስ አንዱን ማዳመጫ ሚስቴ፣ አንዱን እህቷ ያዙ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ መጠጋት ነበረባቸው። ከበሮው ሲጀምር ሚስቴ አንገቷን ቀና አደረገች። ግራው ረገጠ፤ ቀኙ እየተጎተተ ተከተለ። በረንዳውን ወረዱ። ሴቶቹ የሚቀበሉበት ቦታ ሲደርስ እህቷ ተቀበለች፤ ሚስቴም አፏን ከፍታ ያንን ዜማ ያዘች። ቃሉ ግማሹ ጠፍቶ ነበር፣ ዜማው ግን አልጠፋም። አጥሩ ድረስ ሄዱ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላችሁ ሐሰት ይሆንብኛል። ቀኝ እጇ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዘፈኑ ሲያልቅ ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ አንዳንዴ መንገድ መሀል ነው፣ ባጃጁ ጥሩምባውን ይለቀዋል፣ እኔ ሮጬ ቁልፏን ፈልጌ እጫናለሁ። ምላሷም ከዘፈኑ ውጭ ብዙ አይታዘዝም። ጉልበቷ ግን አልደረቀም። ባለሙያዋ በሚቀጥለው ቀጠሮ አጥፋ ዘረጋችውና "ማሻአላህ" አለች፤ ክርስቲያን ናት፣ ከኛ ለምዳ ነው።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ምን አደረግሁ? ሁለቱ በአንድ ገመድ ታስረው ፊት ፊት ሲሄዱ፣ ድንገት ከደከማት ትቀመጥበት ብዬ ዱካ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ዘፈኑ ለኔ አይሰማኝም። የማየው ጀርባቸውን ነው፤ አንዷ እየጎተተች፣ አንዷ እርምጃዋን ለእህቷ እያሳጠረች። ሰፈርተኛው "አባባ ዱካ ሊሸጡ ነው?" እያለ ይቀልድብኛል። ብዙ ቀን ዱካው መሬት ሳይነካ እመለሳለሁ።

ሰኮሩ የተወችው ንግድ ወር አልፎት፣ ሙዙን ጎረቤት እየሸጠው፣ ቦታዋን ሌላ ሰው ሊይዝባት ሲል እንኳ "እህቴ መስጊዱ ማዕዘን ድረስ ሳትደርስ አልሄድም" አለች። ደረሰችላት። እኔንም ሚስቴንም ያን ጊዜ ያሻገረችን እሷ ናት፤ ዋርሳዬ፣ የሚስቴ ታናሽ እህት።