የማን እናት ልበል?

ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቆመች ሴት የጆንያዋን አፍ ፈታች። የአዲስ ስንዴ ሽታ ከጆንያው አቧራ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው አስነጠሰ፤ የእኔ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። ያ ሽታ ለእኔ የቲቸር የሺ ክፍል ነው።

ቲቸር የሺ የትምህርት ቤታችን የምክር መምህርት ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው አሰላ ሲመጡ ገና ወጣት ናቸው፤ ብርዳችንን አልለመዱትም፤ በፀሐይ እንኳ ሹራብ ደርበው ይሄዱ ነበር። የሂሳብ መምህር ሂሳብ እንደሚያስተምር እናውቃለን። የምክር መምህር ምን እንደሚያስተምር የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወደ እሳቸው የተጠራ ልጅ ወይ ሰርቋል፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል ይባላል። ስለዚህ በፈቃዱ ደጃፋቸውን የሚረግጥ የለም።

ቢሮ ብለው የሰጧቸው የእህል መጋዘኑን ነው። ትምህርት ቤታችን በጭላሎ በኩል ትንሽ እርሻ ነበረው፤ ከእሱ የሚገባው ስንዴ ተቀቅሎ ቁርስ ሳይበሉ ለሚመጡ ልጆች ይታደላል። አንድ መስኮት፣ እግሩ የተሰበረ ዴስክ፣ እስከ ጣራው የተደረደረ ጆንያ። ውጭ ደግሞ እንደ ደወል የሚመታው የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ በተመታ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ቶሎሳ በዚያው ክረምት በሳንባ ምች ሞቶብናል። ስምንት ዓመቱ ነበር። ከተቀበረ በኋላ ስሙም ከቤታችን ወጣ። አባቴ ልብሱን ሰጠ፤ እናቴ ስለ እሱ የሚናገር ሰው ካለ ተነስታ ትወጣለች። ሰፈሩ ሁሉ እናቴን የሚጠራት «የቶሎሳ እናት» እያለ ነበር፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ሃዸ ቶሎሳ» ይላታል። ከለቅሶው በኋላ ግን ሁሉም እንደተማከረ ሰው «የጫልቱ እናት» ማለት ጀመረ። ጫልቱ እኔ ነኝ። አዝነውላት ነው እንዲያ ያሉት። እንዲያ ሲጠሯት ግን ፊቷ ጥቁር ይል ነበር። እኔም ክፍል ውስጥ መናገር ተውኩ። መልሱን እያወቅሁት አፌ አይከፈትልኝም።

ቲቸር የሺ ሲያስጠሩኝ ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ጥቂት ልጆች ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ።

«ነይ ጫልቱ፣ እጅ አጥሮናል» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

መጀመሪያ ላይ ልጆችን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቁ ነበር አሉ። ልጁም ግድግዳውን ሲያይ ቆይቶ ይወጣል። አንድ ቀን ዝም ያለች ልጅ እጇን ወደ ጆንያው ሰደድ አድርጋ ጠጠር መልቀም ስትጀምር፣ ምላሷም አብሮ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰፌድ ያመጡት። ሕጋቸው እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል የሚል ነበር። የምክር መምህርት ቢባሉም ሲመክሩ አልሰማኋቸውም። «ከዚያስ?» ይላሉ፤ ደግሞ ዝም ይላሉ።

ሀብታሙ የሚባል ልጅ ነበር፤ አባቱ ሲጠጣ ዕቃ ይሰብራል።

«ትናንት ደግሞ ራዲዮናችን በረረ» ይላል።

«ወዴት?» እንለዋለን።

«በመስኮት!»

እንስቃለን። ከዚያ ራሱ ሀብታሙ ማልቀስ ይጀምራል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ስንዴያችንን እናያለን። ያ ለእሱ ትልቅ ክብር እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ብዙ ሳምንት ዝም ብዬ ለቀምኩ። አንድ ቀን ግን ሳላስበው «ቶሎሳ ጥሬውን ይበላው ነበር» አልኩ። ስሙን ስጠራ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

«ከዚያስ?» አሉ ቲቸር የሺ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ!

ወሬ ግን አይቀርም። «ያቺ አስተማሪ እህሏን በልጆቻችን ታስለቅማለች» ተባለ። ርዕሰ መምህሩ የወላጆች ስብሰባ ጠሩ፤ ክፍሉ ይዘጋ የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ተወርቷል። ቲቸር የሺ እውነቱን ቢናገሩ ይድኑ ነበር፤ ግን እውነቱ የእኛ ምስጢር ነው፤ አልተናገሩም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ወንድሜ በስሙ የሚጠራበት ቦታ ያ ብቻ ነበርና።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ስንዴ እየለቀምን ሳለ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«እኔ ልጄን የላክኋት ለትምህርት ነው! ስንዴ መልቀሙማ ቤቷም ሞልቶላታል!»

ቲቸር የሺ ብድግ አሉ።

«እውነትዎን ነው። ይግቡ፣ ተቀምጠው ይቆጡኝ። የማን እናት ልበል?»

ሁሉንም ያውቃሉ። የወንድሜን ስም፣ እናቴ ማን ትባል እንደነበር፣ ዛሬ ማን እንደምትባል ከእኔ ሰምተዋል። ግን አንዲት ቃል እንዳልሰማ ሰው ጠየቁ፣ ጠበቁም።

እናቴ ወደ እኔ አየች። የእኔን ስም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«የቶሎሳ» አለች። «የቶሎሳ እናት ነኝ።»

ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ሀብታሙ ጠጋ ብሎ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አኖረላት። እጇም ሥራ ጀመረ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለች ድንገት፤ «እንክርዳዱን እኮ ትታችሁታል!»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ለቅሶ ዞረ። እኛም እንደ ልማዳችን ቀና ሳንል ስንዴያችንን አየን። ቲቸር የሺ «ከዚያስ?» አሉ፤ እናቴም ስለ ልጇ ተናገረች።

በማግስቱ በስብሰባው ላይ እጇን አውጥታ ቆመች። አማርኛዋ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፤ በሰው ፊት ቆማም አታውቅም።

«ገብቼ አይቻለሁ» አለች። «ስንዴው የልጆቹ ቁርስ ነው። እኔም ለቅሜያለሁ።»

«ሌላስ ምን ይሠራሉ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሌላውማ የልጆቹ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ግን ተቃውሞ የሚያነሳ ጠፋ። ክፍሉም አልተዘጋ። በዚያ ቀን በእናቴም በመምህርቴም የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ ደረቴ ውስጥ አለ።

ቲቸር የሺ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዛውረው ሄዱ። እኔም ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን በክፍል ውስጥ አፌ ተከፍቶ ነው የወጣሁት። ዛሬ ልጆች አሉኝ፤ ፈሪ እናት ነኝ። ትንሽ ሲቆዩ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ትንሽ ዝም ሲሉ ግን አልጠይቃቸውም። እሸት ባቄላ ፊታቸው አቀርብና አብረን እንፈለፍላለን።

እናቴን ግን፣ ራሷ በዚያ ስም ጥሩኝ ስላለች፣ ሰፈሩ መልሶ «የቶሎሳ እናት» ይላታል። ቶሎሳን አይተው የማያውቁ ሕፃናት ሁሉ እንዲያ ይጠሯታል። በቀደም ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ፣ ከሌላ አገር የመጣች ወጣት ነርስ ሰዎች እንዲህ ሲሏት ሰምታ «ልጅዎ ቶሎሳ የት ነው ያለው፣ እማማ?» አለቻት። ደነገጥሁ፤ ላቋርጣትም ፈለግሁ።

እናቴ ቀድማኝ፣ ድምጿን ሳትቀንስ መለሰች፦

«ሞቷል፣ ልጄ። በስምንት ዓመቱ። ሲስቅ እኮ ጎረቤት ይሰማው ነበር።»