በሚስቴ ሙያ የቀናሁ ጊዜ

ባለቤቴና እኔ የምንሠራው ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ነው። ቀድሜ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ ስትመጣ ደም እንዴት እንደሚጣራ፣ ናሙና እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። የተዋደድነውም እዚያው፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ ነው። ስለዚህ ከኮሮና በኋላ ፒሲአር የሚባለው ማሽን ሲመጣልንና ኃላፊያችን ለሥልጠና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲፈልግ፣ ከእኔ ሌላ ሰው ያስባል ብዬ አልጠበቅሁም።

እሷን መረጠ።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። ቤት ስንገባ ግን ፊቴን አይታ "ከፋህ እንዴ?" አለችኝ።

"ለምን ይከፋኛል?" አልኩና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

እሷ ሥልጠና ላይ ሳለች አማቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ትክ ብለው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ከሳህ እኮ። እዚያ ሌላ ወንድ ታያለች ብለህ ነው?" አሉኝ። ሳቄ መጣ። ሌላ ወንድ ቢሆንማ የምለው አላጣም ነበር። በማሽን የቀና ባል ለአማቱ ምን ብሎ ያስረዳል?

ስትመለስ አዲስ አነጋገር ይዛ መጣች። አንድ ቀን ራት እየበላን፣ "የአንተ ምርመራ የሚያየው የከብቷ ደም በሽታውን ማስታወሱን ነው። የእኔ ቫይረሱን ራሱን፣ ዘረመሉን ነው የሚፈልገው" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ልታስረዳኝ ነው። "የአንተ" እና "የእኔ" የሚሉት ቃላት ግን አብረውኝ አደሩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲጋላ አካባቢ የከብት አፍና እግር የሚያቆስለው አፍተግር ገባ ተባለ። ጉድ ያሰኘው የተከተቡ ከብቶችም መታመማቸው ነው። ሁለታችንም ተላክን። የካራማራን ተራራ ስንወጣ እሷ ከፊት ከሾፌሩ ጋር እየተሳሳቀች፣ እኔ ከኋላ የናሙናውን ሣጥን ታቅፌ ነበር።

ከባቡር ሐዲዱ ራቅ ባለ ሰፈር አንዲት አሮጊት ተቀበሉን። ላሞቻቸው ያነክሳሉ፤ ለሃጫቸው እንደ ክር ተንጠልጥሏል፤ ጡታቸው ስለቆሰለ ጥጆቹን በእርግጫ ያባርራሉ። የአንዷን ምላስ ስቤ ውኃ ቋጥሮ ከፈነዳው ቁስል ላይ ቆዳውን ገፈፍኩ። በዚህ ሥራ እጄን የሚያክል የለም፤ ላሟ እንኳ ብዙ አልታገለችኝም። አሮጊቷ ግን ዞር ብለውም አላዩኝም። ባለቤቴ እናቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ስለነበር ሶማሊኛ አፏን የፈታችበት ያህል ነው። "ኤዶ" እያለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ታወራቸዋለች።

"ወግታችኋቸው ነበር፤ ታዲያ ለምን ታመሙ?" አሉ አሮጊቷ።

"የበሽታው ስም አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ኤዶ። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ሌላውን አያስቆምም። የትኛው እንደሆነ አይቼ እነግርዎታለሁ።"

የእኔ ሶማሊኛ የእሷን ባያህልም "አይቼ" እና "አይተን" ይለይልኛል። አይቼ ነው ያለችው።

ጅጅጋ ስንመለስ እኔ የደሙን፣ እሷ የምላሱን ናሙና ያዝን። የእኔ ውጤት ድብልቅልቅ ያለ ሆነ፤ ላሞቹ በዕድሜያቸው ብዙ ዓይነት አይተዋል፣ ክትባቱም አለ፣ ደማቸው ለሁሉም "አዎ" ይላል። እሷ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ብልቃጥ አዘጋጀች። የያንዳንዱ ብልቃጥ ፈሳሽ የሚይዘው የራሱን ዓይነት ዘረመል ብቻ ነው። ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ሽቅብ ወጣች።

"ና እይ! ና እይ!" ብላ ጮኸች። "ዓይነቱ ሳት ሁለት ነው! ክትባቱ ግን ለኦ እና ለኤ ነበር!"

"ዕቃ እያጠብኩ ነው" አልኳት። የያዝኩት ዕቃ ከደረቀ ቆይቷል።

ኃላፊያችን መጥቶ ጨበጣት። ወደ እኔም ዞሮ "አንተም ልትኮራ ይገባል፣ ሚስትህ ናት" አለኝ።

ማታ ቤት ስንገባ አላስችል አለኝ። "ናሙናውን ማን አወጣው?" አልኳት።

"አንተ ነሃ። ያላንተ እጅ ውጤት እንደማይኖር ለኃላፊው ነግሬዋለሁ።"

"መቼ?"

"ገና ሲገባ፣ ከመጨባበጣችን በፊት።"

ብትበድለኝ ይቀለኝ ነበር።

ትክክለኛው ክትባት መጣ። ተመልሰን ያልታመሙትን ከተብን፤ በሽታው ወደ ቀጣዮቹ ሰፈሮች ሳይሻገር ቆመ። አሮጊቷ ለባለቤቴ የግመል ወተት ቀዱላት፤ ጠጥታ አቀበለችኝ። ይሄኔ አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝና "ዋርያ!" ብለው የሆነ ነገር አሉኝ። አነጋገራቸው ፈጥኖብኝ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

"'አንተ ሰው፣ እንዲህ ያለች ሚስት ይዘህ ምን ያስኮርፍሃል?' ነው የሚሉህ" አለችኝ፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወተቱን ግን ሳልጨርስ መለስኩላት።

በኋላ ልጅ ወለድን። የወሊድ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት፣ ሆዷ ጠረጴዛውን እየገፋ፣ ማሽኑን ታስተምረኝ ጀመር። ስሳሳት አትቆጣም፤ "እኔም እንደዚሁ አበላሽቼ ነበር" ትለኛለች። ከሽንሌ የመጣ ናሙና ብቻዬን ስሠራ መስመሯ ሽቅብ ወጣችልኝ። መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው።

"ወጣ?" አለች።

"ወጣ! ኦ ነው!"

እልል አለች። ሕፃኑ ደንግጦ ሲነቃ ይሰማኛል፤ እሷ ግን እሱን ታቅፋም እልልታዋን አላቋረጠችም። ማሽኑንስ ለመድኩት፤ ለሌላ ሰው እንደዚያ መደሰትን ግን ከየት ተማረችው? አሁንም የምቀናባት በዚያ ነው።