የሚያጉረመርመው ግድግዳ

የሆስፒታሉ ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማጅራታቸውን የትራንስፎርመሩ ክፍል ግድግዳ ላይ አሳርፈው ይውላሉ። ለሠራተኞቹ ጤና ብላ የማግኔት ኃይል ልትለካ የመጣችው እስከዳር መለኪያዋን ወደ ሽማግሌው ጭንቅላት ስታስጠጋ ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

«አያ፣ ምነው እዚህ? ትንሽ ራቅ ቢሉስ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተደገፍኩት ሸጋ ግድግዳ ነው ልጄ። ለዓመት በዓል ገጠር፣ ኮሶዬ ያለው ቤቴ ስወጣ እኮ ዝምታው እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ዓይኔም ይፈዝብኛል፤ ይህ ጉርምርምታው ይናፍቀኛል።»

ዘንጋቸውን የጨበጠው እጅ እንደ ድንጋይ የረጋ ነው።

ቀትር ላይ መብራት ድንገት ጠፋ። ጉርምርምታው ተቋረጠ፤ መለኪያው ዜሮ ላይ ወረደ። እስከዳር ቀና ስትል የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ዘንጉ ሲሚንቶውን ይደበድባል።

በዚያ ጠራራ ፀሐይ እፊታቸው ቆማ ሳለች፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «ልጄ፣ የት ሄድሽ?» አሏት።