በምላስ አባት ልለይ ስል

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ካልሲዬን እያጠብኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል...

በአዳማ ሙቀት ጋቢ ለብሶ የመጣ ሰው ለቁም ነገር ነው የመጣው። ግን እኔ ለትዳር የደረሰች ልጅ የለኝ፣ እህት የለኝ፣ ወንደላጤ ነኝ። ሽማግሌ እኔ ቤት ምን ይሠራል? አልዋሻችሁም፣ ለአንድ አፍታ የሆነች ልጅ እኔን ለማግባት የላከቻቸው መስሎኝ በአረፋ እጄ ፀጉሬን አስተካክያለሁ።

«አካም ጅርታ፣ በርሲሳ» አሉኝ ትልቁ፤ በኦሮምኛ «እንደምን አለህ፣ መምህር» ማለታቸው ነው። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ በቆቃ መንገድ ላም የሚያረቡ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። «ምላስ እያየህ አባት የምትለየው አስተማሪ አንተ ነህ አሉ።»

ያኔ ነው ከኋላቸው አቶ ደቻሳን ያየሁት። የመኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው ሌንሴ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪዬ ናት። ከሐሙስ ጀምሮ አልመጣችም። ጉንፋን ይሆናል ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘር ውርስ ሳስተምር መማሪያ መጽሐፉን ተከትዬ ምላስን እንደ ቱቦ መጠቅለልን በምሳሌነት አነሳለሁ። ችሎታው ከወላጅ በዘረመል ይወረሳል፤ ሁለቱም ወላጆች ካልቻሉ ልጁም ፈጽሞ አይችልም ብዬ ሰሌዳውን በቾክ መታ አደርጋለሁ። ከዚያ የምወዳትን ቀልድ እጨምራለሁ... «ልጁ ከቻለ ግን ጎረቤት ይጠየቅ!» ክፍሉ በሳቅ ያብዳል። ለአራቱም ሴክሽን አንድ ቃል ሳላጎድል ነው የማወራት።

የቤት ሥራውም «እናት አባታችሁን ፈትናችሁ ኑ» የሚል ነበር።

ሌንሴ ምላሷን ትጠቀልላለች። እናቷም አባቷም አይችሉም። ልጅቷ እራት ላይ ቀልዴን ከነሳቋ ለቤተሰቡ አቀረበች። አቶ ደቻሳ መጀመሪያ ሳቁ። በማግስቱ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸውን «ያኔ ቤታችን ማን ይመላለስ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አልማዝ «ልጅህ ናት» ብለው ቢምሉም አልሰሟቸውም። ወይዘሮዋ ልጃቸውን ይዘው ሞጆ እህታቸው ቤት ገቡ።

ሽማግሌዎቹን አልጋዬ ጫፍ ላይ ደርድሬ ከሴል ጀመርኩ። «በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ኒውክለስ አለ፤ በኒውክለሱ ውስጥ ደግሞ ክሮሞዞም...»

«እሱ ይቆየን» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ልጅቷ የደቻሳ ናት ወይስ አይደለችም?»

እውነቱን ልንገራችሁ... ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አስተማሪያችን ይህ ምሳሌ እንደማያስተማምን፣ ነገሩ በአንድ ዘረመል ብቻ እንደማይወሰን ነግረውናል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ግን እንደዚያ ብዬ ካስተማርኩ ማን ይስቅልኛል?

«እ... በዚህ እንኳ አይታወቅም። ለማስተማር እንዲቀል ብዬ ነው» አልኩ።

«እንዲቀል?» አሉ አቶ ደቻሳ። «እኔ ቤቴን አፈረስኩ እኮ ቲቸር!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኦቦ ቱፋ ግን አልተቆጡም። «አንተ ራስህ ትችላለህ?» አሉኝ። ምላሴን አውጥቼ ጠቀለልኩ። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ፊት!

«ወንድም የለህም?»

ቢሾፍቱ የሚኖር መንታ ወንድም አለኝ። ከአንድ እንቁላል የተከፈልን ነን፤ ዘረመላችን አንድ ነው፣ እናታችን እንኳ ስማችንን ታምታታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ትምህርት ሳስተምር ግን እሱን አንድ ቀን አልፈተንኩትም።

በቪዲዮ ደወልኩለት። ፀጉር ቤት ተቀምጦ ጺሙን አረፋ ተቀብቷል።

«ምላስህን አውጥተህ ጠቅልል።»

«አመመህ እንዴ?»

«ሽማግሌ ፊት ነኝ... ጠቅልል አልኩህ!»

ሞከረ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ አንገቱ ተወጠረ፣ አረፋው አፉ ገባ። ምላሱ ግን እንደ ጫማ ሶል ዝርግ እንዳለች ቀረች። ከጀርባው ፀጉር ቆራጩ ሲንከተከት ይሰማል።

ዘራችን አንድ ሆኖ ምላሳችን ከተለያየ፣ ምላስ ለአባትነት ምስክር ሊሆን እንደማይችል አስረዳሁ። ኦቦ ቱፋ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩና «በአንተ ትምህርት እንሂድ ካልን እኮ አንዳችሁ የጎረቤት ናችሁ» አሉ። አቶ ደቻሳ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ወዲያው ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ሞጆ ሄድን። ወይዘሮ አልማዝ ሽንኩርት የከተፉበትን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ዘረመሉ፣ ስለ መንታዬ፣ ስለ ቀልዴ... ሁሉንም ዘከዘክኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እኔን ትተው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አሥራ ሰባት ዓመት አብሬህ ኖሬ የእኔን ቃል አላመንክም። አሁን የዚህን ልጅ ወንድም ምላስ አይተህ አመንከኝ?»

ያን ቀን እናትና ልጅ አብረውን አልተመለሱም። እሁድ አቶ ደቻሳ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ባዮሎጂ፣ ብቻቸውን ሄደው ይቅርታ ጠይቀው ነው ይዘዋቸው የመጡት።

ሰኞ አራቱንም ሴክሽን እየዞርኩ መሳሳቴን ተናገርኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ሌንሴ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ቢመጣ ምን ብለን እንመልስ?»

«ፈተና ላይ ከመጣ መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ» አልኳት። «ቤት ስትገቡ ግን እናታችሁን እመኑ።»