በገመድ የታሰረው ፊኛ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ሮተርዳም ካለው ከፔርኒስ የነዳጅ ማጣሪያ በላይ ሰው የሚያሳፍር አንድ ትልቅ ፊኛ ሲንሳፈፍ አየሁ። አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን ስልኬን አላወጣሁም፤ የዛሬ ብዙ ዓመት የሆነው ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ሆግቭሊት የሚባል የሮተርዳም ሰፈር ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ከተስፋዬ ጋር እኖር ነበር። ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። አገር ቤት ወታደር ነበር፤ ተራራ ላይ ሆኖ በመነጽር እያየ የጠላትን ቦታ ለመድፈኞች በሬዲዮ ይናገር ነበር። ከዚህ በላይ አያወራም። ሆላንድ ከገባን ወዲህ ከቤት እምብዛም አይወጣም፤ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ይደነግጣል።

አንድ የበጋ ቅዳሜ ለምኜ ዴን ሃግ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ወሰድኩት። ንፋሱ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። አሸዋው ላይ የድሮ የጦር ፊኛ አስመስለው ሠርተው ጎብኚ ያሳፍራሉ። አስጎብኚዋ በደች ቋንቋ ያለችውን ተረጎምኩለት፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች እንዲህ ያለው ፊኛ በገመድ ከመሬት ጋር ታስሮ ይወጣል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሰው የጠላትን ሰፈር እያየ ታች ላሉት ይናገራል።

ጋሼ ገመዱን ሲያይ ቆየና፣ «እኔ ልውጣ» አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርብህ።»

«ተይኝ ሂሩት፣ ልየው።»

ቅርጫቱ ጠባብ ስለሆነ ከአብራሪው ጋር ብቻውን ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከባሕሩ ንፋስ ተነሳ። ፊኛው ወደ ጎን ዘመመ፤ ገመዱ ተወጥሮ ያፏጫል። ሠራተኞቹ ማውረድ ጀመሩ፣ ግን በዝግታ ነው። ድንገት የአስጎብኚዋ ሬዲዮ ጮኸ፤ አብራሪው ነበር። ሰውዬው ከቅርጫቱ ሊወጣ እየታገለኝ ነው አለ። ሬዲዮውን ከእጇ ነጠቅኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ሂሩት፣ ሰዎች እየሮጡ ነው። ይታዩኛል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ውሃው ይሮጣሉ።

«ልጆች ናቸው። እየተጫወቱ ነው።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለኝ።

«ለማን?»

«ታች ላሉት።»

«ታች ያለሁት እኔ ነኝ። ምንም አትንገረኝ። ዝም ብለህ ቁጭ በል፣ እያወረዱህ ነው።»

ቅርጫቱ አሸዋውን እስኪነካ ድረስ ይህንኑ እደጋግም ነበር። ሲወርድ ደግፌ አስቀመጥኩት። የገዛሁለት ድንች ጥብስ ሳይነካው ቀዘቀዘ።

ወደ ሮተርዳም በሚመለሰው ባቡር ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ። አንድ ቀን ከተራራው ላይ የሚሮጡ ሰዎች አይቶ ለመድፈኞቹ ተናገረ፤ እነሱም ተኮሱ። ከገበያ የሚመለሱ የመንደር ሰዎች እንደነበሩ ያወቀው በኋላ ነው። እጁን ያዝኩት።

ዛሬ ጋሼ አርጅቷል። አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር ይኖራል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከተማውን ሁሉ የሚያሳይ ቤት ሲሰጡት፣ ምድር ላይ ያለ ይሻለኛል ብሎ መለሰላቸው። ስለነዚያ ፊኛዎች ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስኩ ብዙ አንብቤያለሁ። ከላይ የታየው ምሽግ፣ ድልድይና ድንኳን ሁሉ ተጽፏል። ከቅርጫቱ የወረዱት ሰዎች ከዚያ በኋላ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ግን የጻፈ አላገኘሁም። ማታ ማታ እደውልለታለሁ። ስልኩን እስኪያነሳ ድረስ አልቀመጥም።