የአንድ ካሴት ባንድ

እነዚያን እንግሊዞች እስካሁን እወዳቸዋለሁ። በአባቶቻችን የወጣትነት ዘመን ከአንድ የፋብሪካ ከተማ የወጡ አራት ልጆች ናቸው። ካሴታቸውን ወንድሜ መርካቶ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሐል አገኘው። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቢፈልጋቸው ያገኘው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ አንድ አልበም አሳተሙ፣ ጥቂት ቦታ ተጫወቱ፣ ተበተኑ። ጎበዝ ተጫዋቾች አልነበሩም፤ አለመቻላቸውንም አይደብቁም። ባሱ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ጊታሩ ከኋላ ይነጫነጫል፣ ዘፋኙ ማንንም አይለማመጥም። እኔ ደግሞ ለሚለማመጥ ዘፈን ትዕግሥት የለኝም።

ቡራዩ ቤተሰቤ በተከራየው ቤት ባንድ መሠረትን። እኔ ባስ፣ የሰበታው ጓደኛዬ ጊታር፣ ድራም የምትመታው ደግሞ ሱሉልታ ሩጫ የምትለማመድ ልጅ። ድራም የምንለው አንድ አሮጌ ታምቡርና ሁለት የዘይት ጀሪካን ነበር። እሷ ግን ምት አትስትም፤ ሩጫው ሳይሆን አይቀርም ያስተማራት። አከራያችን፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ «ይሄ ነገር መቼ ነው ዘፈን የሚሆነው?» ይሉን ነበር። ምኞታችን አንዴ እንኳን ሰው ፊት መጫወት ነበር። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ለቅዳሜ ተፈቀደልን።

በዚያው ሳምንት የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በረታ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ዓርብ ዕለት ከአጥር ማዶ የሚኖረው የኦቦ የወንድም ልጅ ሰልፉ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ባለበት ግቢ ሬዲዮ እንኳን አይከፈትም፤ ባሴን አልጋ ሥር አስገብቼ ወንበር ማመላለስ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድራመራችን ከች አለች። ስቲኮቿን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከሱሉልታ ጋራ ጋራውን ሮጣ ነው የመጣችው። ድንኳኑን ስታይ ስቲኮቹን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ከእናቴ ነጠላ ተውሳ ተከናነበችና ገብታ ተቀመጠች። የዚያን ዕለት የኮራሁባትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ኦቦ ወሬውን ከእናቴ ሰምተው ጠሯት።

«ለዚያ ጩኸት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የሮጥሽው፣ ልጄ?»

«አዎ ኦቦ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰማሁም ነበር።»

«አርባው ይውጣና ትመጫለሽ። እሰማዋለሁ።»

አርባው ሲወጣ ጊታሪስታችን የለም፤ ቤተሰቡ ፈርቶ ከሰበታ ለቆ ሄዷል። አዳራሹም እንደተዘጋ ነው። እሷ ግን መጣች። ኦቦ ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። በባስና በጀሪካን ብቻ የካሴቱን የመጨረሻ ዘፈን ተጫወትን። እኔ መሐል ላይ ተሳሳትኩ፤ እሷ አልቆመችም፣ እኔም አልደበቅኩም።

ስንጨርስ ኦቦ ወደ አጥሩ ዞሩ።

«ኢራ ዴቢኣ» አሉ። «ድገሙት። ያ የወንድሜ ልጅ እናንተ ስትለማመዱ አጥሩ ሥር ቆሞ ይሰማችሁ ነበር።»

ደገምነው። ከዚያ በኋላ አብረን ተጫውተን አናውቅም።